«እኔ ደደብ ነኝ» የምትል የ7ኛ ክፍል ተማሪ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ልጄ 13 ዓመቷ ነው። እስከ 6ኛ ክፍል የመንግሥት ትምህርት ቤት ተምራ 2ኛ፣ 3ኛ ትወጣ ነበር። ዘንድሮ 7ኛ ክፍልን የግል ትምህርት ቤት አስገባናት። የአንደኛው ሴሚስተር ካርድ ሲመጣ ከ46 ተማሪ 19ኛ ሆነች፤ አማርኛ 91፣ ሂሳብ 66፣ ሳይንስ 68። ከዚያ ወዲህ አፏን በከፈተች ቁጥር ‹እኔ ደደብ ነኝ› ነው። ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ ሰርቪስ ያመልጣታል። ቤት ከአክስቷ ልጆች ጋር ስትሆን ወሬዋ አያልቅም፤ የክፍል ኃላፊዋ ግን ‹ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም› አለችኝ። የቅርብ ጓደኛዋ ቤተሰቦችም ከፒያሳ ተነስተው ከተማው ዳር ገብተዋል። አንድ ቀን ሐኪም እሆናለሁ ትላለች፣ በማግስቱ ምንም አልሆንም። አባቷ ጉርምስና ነው፣ ያልፋል ይላል። ‹ጎበዝ ነሽ› ብላት ብላት አልሠራም። በራስ የመተማመን ስልጠና ላስገባት ወይስ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ልመልሳት?»

ምላሽ፦ ስልጠናውንም ዝውውሩንም ለዚህ ዓመት ይተዉት። ሁለቱም ሐሳቦች የመጡት ልጅዎ «በራስ መተማመን» የሚባል አንድ ነገር ጎድሏታል ከሚል ግምት ነው፤ የጻፉት ዝርዝር ግን ይህን አያሳይም። ከአክስቷ ልጆች ጋር ወሬዋ የማያልቅ፣ አማርኛ 91 ያመጣች ልጅ ስለ ራሷ ያላት ግምት በጅምላ አልወደቀም። የተጎዳው አንድ ወይም ሁለት ቦታ ነው። ቦታው ካልተለየ ደግሞ የሚደረግላት ሁሉ ያላመማትን እግር እንደማሸት ነው።

የ7 ወይም የ8 ዓመት ልጅ ስለ ራሱ ሲጠየቅ የሚያደርገውን ይቆጥራል፦ በፍጥነት እሮጣለሁ፣ ማባዛት እችላለሁ፣ ታናሽ እህት አለችኝ። ከ11 ዓመት ገደማ ጀምሮ ግን ነጠላ ነጠላውን ሰብስቦ ስም ይሰጠዋል፦ ዓይን አፋር ነኝ፣ ተጫዋች ነኝ፣ ደደብ ነኝ። ይህ የአእምሮ እድገት ነው። በሂሳብ «ኤክስ» ይዛ እንድትሠራ ያስቻላት ረቂቅ ነገርን የማሰብ ችሎታ፣ በራሷም ላይ ስም እንድትለጥፍ አስችሏታል። ችግሩ ስም መለጠፉ ቀድሞ ደርሶ፣ የተለጠፈውን ስም በማስረጃ መመዘኑ ገና መሆኑ ነው። ጥሩ ነጥብ ያመጣችበት ቀን ሐኪም፣ ያላመጣችበት ቀን ምንም የምትሆነው ለዚህ ነው። መዋዠቁን ብቻውን ቢያዩት የዕድሜው ነውና አያስደንግጥዎት።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሱዛን ሃርተር እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት መለኪያ ልጆች ስለ ራሳቸው ያላቸው ግንዛቤ በአምስት ዘርፍ ተለይቶ ይታያል፦ ትምህርት፣ በእኩዮች ዘንድ ተቀባይነት፣ ስፖርት፣ መልክና ቁመና፣ ጠባይ። «በአጠቃላይ በማንነቴ ደስተኛ ነኝ ወይ» የሚለው ለብቻው ይጠየቃል፤ የአምስቱ ድምር አይደለም። የሃርተር አጠያየቅ ለቤትም ይበጃል። «በትምህርትሽ ጎበዝ ነሽ?» የተባለች ልጅ የሚጠበቅባትን ትመልሳለች። ስለዚህ እንዲህ ይበሏት፦ «አንዳንድ ልጆች ክፍል ውስጥ መልሱን ቶሎ ያገኙታል፤ ሌሎች ልጆች ደግሞ ጊዜ ይወስድባቸዋል። አንቺ የትኞቹን ትመስያለሽ?» ሁለቱም ዓይነት ልጅ እንዳለ አስቀድሞ ስለተነገራት እውነቱን መናገር አያሳፍራትም። አምስቱን ዘርፍ በአንድ ቀን አይጨርሱት። ሽንኩርት ስትከትፉ፣ ታክሲ ስትጠብቁ፣ በሳምንት ውስጥ በተን እያደረጉ ይጠይቁ። ከእያንዳንዱ ቀጥሎ «ይሄ ነገር ያሳስብሻል?» ይበሉ፤ ዋናው እሱ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 እንደጻፈው፣ ሰው ለራሱ የሚሰጠው ግምት የሚወጣው የተሳካለት ለተመኘው ሲካፈል ነው። ስፖርት የማትችል፣ ስፖርትም ግድ የማይሰጣት ልጅ በዚያ በኩል አትጎዳም። ነጥብ አይስጡ፣ ወረቀትም አያስሞሏት። ይህ የት ላይ እንደሚያማት ማወቂያ እንጂ ምርመራ አይደለም።

ከጻፉት ተነስቼ ትምህርቱንና ጓደኝነቱን አስቀድማለሁ።

«ከ2ኛ ወደ 19ኛ ወረደች» የሚለውን አነጋገር ከቤት ያውጡት። ደረጃ ከእሷ እኩል አጠገቧ የተቀመጡትንም ይለካል። ኸርበርት ማርሽ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በተደጋጋሚ ያሳዩት ይህንን ነው፦ ችሎታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ልጆች መካከል፣ ከፍተኛ ውጤት ያላቸው ተማሪዎች ወደተሰበሰቡበት ትምህርት ቤት የገባው ስለ ትምህርቱ ያለው ግምት ዝቅ ይላል። ችሎታው ሳይቀንስ ሚዛኑ ይለወጥበታል። በ46 ተማሪ ክፍል ደግሞ መሃል አካባቢ ያሉት በአማካይ ነጥብ ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ 12ኛውና 19ኛው በ2 ወይም በ3 ነጥብ ብቻ ሊለያዩ ይችላሉ። የክፍል ኃላፊዋን የ10ኛው ተማሪ አማካይ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ስሙ አያስፈልግም፣ ቁጥሩ ይበቃል። ለልጅዎም ርቀቱን በነጥብ እንጂ በደረጃ አይንገሯት። ሁለተኛ ማነጻጸሪያም አለ፦ ልጅ አንዱን ትምህርቷን ከሌላው ትምህርቷ ጋር ታስተያያለች። አማርኛው 91 መሆኑ ራሱ 66ቱን ከሆነው በላይ አሳፋሪ ያደርገዋል።

አሁን ወደ 66ቱ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ 6ኛ ክፍል ሂሳብና ሳይንስ የሚሰጠው በአማርኛ ነው፤ ከ7ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሆናል። አብረዋት የተቀመጡት አብዛኞቹ ደግሞ ከግል ትምህርት ቤት የመጡ ከሆኑ ከታች ክፍል ጀምረው እነዚህኑ ትምህርቶች በእንግሊዝኛ ሲሰሙ ኖረዋል። «ዙሪያ» እና «ስፋት» ብላ ስታሰላ ያደገች ልጅ «ፔሪሜተር» እና «ኤሪያ» ስትባል የምታውቀውን ነገር ስሙን አጥታዋለች። እጇን ብታወጣ ሐሳቡ አላት፣ ቃሉ የላትም። ስለዚህ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋንም ራሷ የችሎታ ማነስ አድርጋ ትተረጉመዋለች።

ይህ በግምት መቅረት የለበትም፤ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይጣራል። ከሂሳብ ደብተሯና ከፈተና ወረቀቶቿ የተሳሳተቻቸውን አምስት በዓረፍተ ነገር የቀረቡ ጥያቄዎች ይምረጡ። ቁጥሮቹን ለውጠው በአማርኛ ያስጽፉላት፤ ትምህርቱን የሚያውቅ ዘመድ ወይም አስጠኚ ቢሠራው ይሻላል። ያለ ሰዓት ገደብ ትሥራቸው። አራት ወይም አምስት ካገኘች ችግሩ በዋናነት ቋንቋው ነው። ሁለት ወይም ሦስት ካገኘች ሁለቱም አለ። አንድ ወይም ባዶ ከሆነ ክፍተቱ የሂሳቡ ነው፤ ብዙ ጊዜ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ክፍልፋይና ፐርሰንት ላይ ይገኛል፤ ወደዚያ ወርዶ መጀመር ያስፈልጋል። ውጤቱን ከእሷ ጋር ሆነው ይዩት። አንዲት ልጅ በአማርኛ አራቱን ሠርታ በዓይኗ ስታይ የሚገባት ነገር በሺህ ምክር አይገኝም።

ቋንቋው ከሆነ፣ ለብቻው አንድ ደብተር ይኑራት። በቀን ስድስት ቃል፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስምንት ሳምንት፤ 240 ቃል ይሆናል። በአንድ በኩል የእንግሊዝኛው ቃል፣ በሌላው አማርኛው፣ ከሥሩ አንድ ምሳሌ በቁጥር ወይም በሥዕል። ቃላቱ በማግስቱ ከሚማሩት ምዕራፍ ይውጡ፤ ካለፈው ምዕራፍ ከሆነ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ዘግይታ ትደርሳለች። አስጠኚ ካለ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ይበቃል። እዚህ ላይ የሚበላሸው አስጠኚው የቤት ሥራውን ሲሠራላት ነው። ደብተሩ ንጹሕ ይሆናል፣ ኮሚኒኬሽን ቡኩ ላይ ቅሬታ ይጠፋል፣ ፈተናው ግን እዚያው 60ዎቹ ውስጥ ይቀራል። ልጅቷም «ታግዤ እንኳ አልቻልኩም» ወደሚል የባሰ ድምዳሜ ትሄዳለች። አስጠኚው እርሳስ እንዳይዝ ይንገሩት። እርሳሱ በእሷ እጅ ይሁን።

«ጎበዝ ነሽ» ለምን አልሠራም? ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት የ5ኛ ክፍል ልጆችን ለሁለት ዓይነት ሙገሳ አጋልጦ ነበር። «ብልህ ነህ» የተባሉት ልጆች፣ ከባድ ጥያቄ ገጥሟቸው ከወደቁ በኋላ «ጥረሃል» ከተባሉት ይልቅ ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ ቀጥሎ በቀረበላቸው፣ ከመጀመሪያው ጋር እኩል በሆነ ሥራ እንኳ ውጤታቸው አነሰ። ብልህነቱ የማንነታቸው መለያ ስለተደረገ ውድቀቱም የማንነታቸው ሆነ።

የእኛ ቋንቋ ደግሞ የራሱን ወጥመድ ጨምሮበታል። የትምህርት ቤት አማርኛ የሚያውቀው ሁለት ተማሪ ነው፦ ጎበዝና ሰነፍ። «ሰነፍ» በቃሉ ሥራ የማይወድ ማለት ነው፤ ክፍል ውስጥ ግን ዝቅተኛ ነጥብ ያመጣ ሁሉ ሰነፍ ይባላል፣ እስከ እኩለ ሌሊት አጥንቶም ቢሆን። «ጎበዝ»ም እንዲሁ ነው፤ ሳያጠና 90 ያመጣውም፣ ተሟሙቶ 90 ያመጣውም በአንድ ስም ይጠራል። ስለዚህ ልጆቻችን ጥረትንና ውጤትን ለይተው የሚጠሩበት ቃል ሳይሰጣቸው ያድጋሉ። ለፍታ 66 ያመጣች ልጅ ራሷን ሰነፍ እንዳትል መልፋቷን ታውቃለች። የሚቀራት ቃል «ደደብ» ነው። ይህን ቃል የመረጠችው ለማስጨነቅ ወይም ለመሞላቀቅ አይደለም፤ ሌላ ስላልሰጠናት ነው።

ስለዚህ ሁለቱንም ቃላት ለተወሰነ ጊዜ ያስቀምጧቸውና ያዩትን ይናገሩ። «ሦስተኛውን ሁለቴ አጥፍተሽ ነው ያገኘሽው፣ አየሁሽ።» «ትናንት ያልገባሽን ዛሬ ከየት ጀመርሽው?» ያላዩትን አያሞግሱ፤ የ13 ዓመት ልጅ የተጋነነ ሙገሳን ወዲያው ትለያለች፣ «አዝነውልኝ ነው» ብላ ትወስደዋለች። «ደደብ ነኝ» ስትል «አይደለሽም!» ብለው አይሟገቷት፤ ክርክሩ ማስረጃ እንድትደረድር ያደርጋታል። «ዛሬ የትኛው ጥያቄ ላይ ነው?» ይበሏት። ስሙ ወደ አንድ ጥያቄ፣ ወደ አንድ ሰዓት ይወርዳል፤ አንድ ጥያቄ ደግሞ ይሠራል። የእገሌን ልጅ እየጠሩ ማወዳደርም ከአባቷ፣ ከአጎቶቿ፣ ከእርስዎም አፍ ይቁም።

መስታወቱ ከንቱነት አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዴቪድ ኤልካይንድ እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳስረዳው፣ በዚህ ዕድሜ ልጅ ሌላው ሰው ምን እንደሚያስብ ማሰብ ይጀምርና እሱ ራሱ የሚያስጨንቀው ነገር ሰውን ሁሉ የሚያስጨንቅ ይመስለዋል። ሁልጊዜ የሚያየው ታዳሚ አለ። «ማን ያይሻል?» የሚለው መልስ የማይሠራው ለዚህ ነው፤ በእሷ ስሌት ሁሉም ያያታል። 15 ደቂቃ ቀደም ብለው ይቀስቅሷት፣ ሰርቪሱም አያመልጣትም። በሃርተርና በሌሎች ጥናቶች ከአምስቱ ዘርፎች ከአጠቃላይ ግምት ጋር በጣም ተጣብቆ የሚገኘው መልክና ቁመና ስለሆነ፣ በቡና ሰዓት በብጉሯ ወይም በሰውነቷ ለውጥ የሚቀልድ ዘመድ ካለ እዚያው ያስቁሙት፣ እሷ እየሰማች። ሴቶች ልጆች በሰውነት ለውጥ ወንዶቹን ሁለት ዓመት ያህል ስለሚቀድሙ ከክፍሉ ቀድማ ያደገች ልጅ ራሷን ትልቅና ግራ የተጋባች አድርጋ ታያለች። በቦርሳዋ ሁልጊዜ ሞዴስ ይኑር። ስልኳ ማታ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር፤ በፊልተር የተስተካከለ ፊት ስታይ አምሽታ ጠዋት የራሷን ፊት መስታወት ላይ መመዘን ፍትሐዊ አይደለም።

ቤት ተጫዋች፣ ክፍል ውስጥ ዝምተኛ መሆኗን «አስመሳይነት» አይበሉት። በ12ና በ13 ዓመት ልጆች በየቦታው የተለያየ ማንነት ይይዛሉ፤ ተቃርኖው ብዙም አይታወቃቸውም። 15 ዓመት ገደማ ሲሆን «እውነተኛዋ እኔ የቷ ናት?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፣ ያኔ ሊያስጨንቃት ይችላል። ወደ ጉርምስና ማብቂያ አካባቢ ብዙዎቹ «ከማውቀው ጋር እጫወታለሁ፣ ከማላውቀው ጋር እቆጠባለሁ» ብለው ያስታርቁታል። የ9ኛና የ10ኛ ክፍሉን ጊዜ ከአሁኑ ይወቁት፤ እንደ ውድቀት እንዳይቆጥሩት።

አባቷ በግማሽ ትክክል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ ከ300 በላይ የጥናት ናሙናዎችን ያጠቃለለ ሥራ እንዳሳየው ልጆች ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ከ11 እስከ 15 ዓመት በአማካይ ባለበት ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ይጨምራል። ይህ ማለት ግን መውደቅ የዕድሜው ሕግ አይደለምና፣ ሲወድቅ ምክንያት ይፈለጋል ማለት ነው። በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ ሮበርታ ሲመንስና ዴል ብላይዝ ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው ጥናት እንዳገኘው በ7ኛ ክፍል ትምህርት ቤት የቀየሩ ሴቶች ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምት እዚያው ከቀጠሉት ይልቅ ተጎድቷል፤ ለውጦች በአንድ ጊዜ ሲደራረቡም ጉዳቱ ይበረታል። ልጅዎ በአንድ ዓመት ትምህርት ቤት፣ የማስተማሪያ ቋንቋ፣ ሰውነት፣ የቅርብ ጓደኛ ተለውጦባታል። በዓመቱ አጋማሽ ሌላ ዝውውር ማለት አምስተኛውን መደረብ ነው፤ ለዚያውም 7ኛ ክፍል በመንግሥቱም ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው፣ የሚያመልጡት ነገር የለም።

ስልጠናውን በተመለከተ፦ አዳራሽ ሰብስቦ «እችላለሁ!» የሚያስብል ስልጠና ለእሷ አይመከርም። እ.ኤ.አ. በ2009 በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «የምወደድ ሰው ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲደጋግሙ ስሜታቸው እንደባሰ አሳይቷል። ውስጡ የማያምነውን ነገር ጮክ ብሎ መናገር አለማመኑን ያስታውሰዋል። ገንዘቡ ለአስጠኚው ይዋል።

ከክፍል ኃላፊዋ ጋር ለ20 ደቂቃ ይቀመጡና ሦስት ነገር ይጠይቁ። ደረጃዋ በክፍል ፊት እንዳይነበብ። በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ጥያቄ ቀድሞ እንዲነገራት፤ ማታ ተዘጋጅታበት በማግስቱ ትመልሰዋለች፣ ከአራት ሳምንት በኋላ መምህርቷ ቀድማ መናገሩን ትቀንሳለች። ሦስተኛው ሚኒ ሚዲያ ነው። አማርኛዋ 91 ነው፤ በመጀመሪያ ጽሑፉን ትጻፍ፣ ሌላ ልጅ ያንብበው። ማይክ በአንደኛው ሳምንት አያስጨብጧት። አንድ ጊዜ ድምፅዋ ተንቀጥቅጦ ከተሳቀባት ሥራው ሁሉ ወደ ኋላ ይሄዳል።

የጓደኛዋን መራቅ ቀላል ነገር አድርገው እንዳያዩት። በዚህ ዕድሜ ከሰፊ ተወዳጅነት ይልቅ አንድ እውነተኛ ጓደኛ ልጅን ከጉዳት ይጠብቃል። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አንዴ እሷ ትሂድ፣ አንዴ ያቺኛዋ ትምጣ፤ ከእናትዬዋ ጋር እርስዎ ይነጋገሩ፣ የታክሲውን ነገር ለልጆቹ አይተዉት። ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ካለች አያቋርጧት፤ ደረጃ የማይወጣበት ቦታ ያስፈልጋታል።

አንዳንድ ምልክት ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ከተከፋች ወይም ከተነጫነጨች፣ ከአክስቷ ልጆች ጋር መጫወቱንም ከተወች፣ እንቅልፏና ምግቧ ከተለወጠ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለች፣ ስለ ራስ ግንዛቤ ማውራቱን ትተው ወደ ባለሙያ ይሂዱ። አማኑኤል ሆስፒታል ወይም የሥነ አእምሮ ክፍል ያለው ሌላ ሆስፒታል ይውሰዷት። ክንዷ ላይ የመቆረጥ ምልክት ካዩ ወይም «ባልኖር ይሻል ነበር» ካለች በዚያው ዕለት ነው፤ ብቻዋን አይተዉዋት፣ መድኃኒትና በረኪና ከእጅ ይራቅ። «ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም።

ስምንቱ ሳምንት ካለቀ በኋላ አምስቱን የአማርኛና አምስት አቻ የእንግሊዝኛ ጥያቄዎች ጎን ለጎን ያሠሯት፤ ልዩነቱ ወደ አንድ ከጠበበ መንገዱ ይዟል። ሰኔ ላይ የትምህርት ቤቱን ጉዳይ ከእሷ ጋር ቁጭ ብለው ይወስኑት። ያኔ የሚጠይቋት ደረጃዋን አይደለም፦ አዲሱ ትምህርት ቤት ውስጥ በስም የምትጠራት ጓደኛ አለች ወይ? በወር ስንት ጊዜ እጇን አወጣች? አንዲትም ጓደኛ ካላገኘች፣ በክፍልም የሚሳለቁባት ከሆነ፣ መልቀቅ ተገቢ ነው፤ የ8ኛ ክፍል ምዝገባ ሳይጀመር አዲሱን ትምህርት ቤት አብራችሁ እዩት።